ኦክ በሻንጣ

መንዝ ውስጥ ዛፍ ብርቅ ነው። ብርቅ ስለሆነም ይመስለኛል፣ ስለ ዛፍ አስተያየት የሌለው ሰው አይገኝም። ከጣርማ በር ታጥፎ በመዘዞ በኩል ወደ ሞላሌና መሐል ሜዳ የሚጓዝ ሰው በመስኮት የሚያየው ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ፣ የድንጋይ ካብ፣ ከዚያም እንደገና ገብስ ነው። ጨለም ያለ አረንጓዴ ክብ ነገር ከታየው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቀጥ ብሎ የተሰለፈ ነገር ከታየው ደግሞ የአንድ ገበሬ ባህር ዛፍ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ግን የደን ባለሙያ ሞልቷል። አንዱ «ይሄ አገር ዛፍ ቢለብስ የት በደረሰ!» ይላል። ሌላው ዝናቡን ያሸሸው ባህር ዛፍ ነው ብሎ ይከራከራል። ሦስተኛው ሰሞኑን አዲስ አበባ ስላየው ዘንባባ ያወራል። ሦስቱም መሐል ሜዳ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚጠይቁት የኩበት ዋጋ ነው።

እነሱስ ይሁን፣ ወሬያቸው መንገድ ያሳጥራል። እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ቤት ሠርቶ የጨረሰ ሰው ነው።

አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቦታውን ማጽዳት ነው። ማጽዳት ማለት እዚያ የነበረውን ሁሉ መንቀል ማለት ነው። አያቱ ከሥሯ የተቀመጡባት ወይራ ትሄዳለች፤ አጥር ላይ የነበረው ቀጋና ግራዋ ይሄዳል። ቀጥሎ ግቢው ከበር እስከ በረንዳ በሲሚንቶ ይለበጣል፤ ጭቃ እንዳይገባ ነው። ቤቱ ተመርቆ፣ በግ ታርዶ፣ እንግዳው «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሎ ከሄደ በኋላ እመቤቲቱ በረንዳው ላይ ቆም ብለው ያያሉ። «ምን እንደጎደለው ታውቃለህ?» ይላሉ። «አረንጓዴ ነገር።» ያን ጊዜ ሲሚንቶው በመዶሻ ይሰበርና የእንስራ አፍ የምታህል ቀዳዳ ይወጣላታል። በዚያች ቀዳዳ ውስጥ ዛፍ ይጠበቃል።

ምን ዓይነት ዛፍ? የቦታው ዛፍ አይደለም፤ እሱማ ተነቅሏል። ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ መንገድ ዳር ታይቶ የተወደደው ዛፍ ነው፣ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ የሚመጣው። አንዱ ማንጎ ተከለ። ማንጎ! መርሐቤቴ ወርዶ ጀማ ሸለቆ ውስጥ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ይህ ግን ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በጥቅምት ሌሊት ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ የሚጋገርበት አገር ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለውን ሰው ለራሱ ያውቀዋል፤ ለዛፉ ግን አይነግረውም። ማንጎው የመጀመሪያዋን አመዳይ ባየ ማግስት ቅጠሉ ጠቁሮ ተገኘ። ባለቤቱ ጎረቤቱን በቡዳ ጠረጠረ።

ዘንባባ የተከለው ነጋዴ ደግሞ ብልህ ነበር። ውርጩን አይቶታልና ማታ ማታ ችግኙን በባና ይጠቀልለው ጀመር። ባና የመንዝ በግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሠራ፣ አገሩ ከብርድ የሚተርፍበት ልብስ ነው። ዘንባባው ባናውን ደርቦ ሲያድር ልጆቹ እቤት ውስጥ ሲስሉ ያነጋሉ። ጠዋት ሠራተኛዋ ባናውን ገፍፋ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ ማታ እንደገና ታለብሰዋለች። እንግዳ ሲመጣ ነጋዴው ወደ ቀዳዳዋ ይወስደውና «ዘንባባ ነው» ይላል። እንግዳውም ከባናው ጫፍ ብቅ ያለችውን ደረቅ ቅጠል አይቶ «ያምራል» ይላል። ሌላ ምን ይበል? ጠላው ገና አልቀረበም።

ወደ ኦክ ልምጣ።

የአንድ ወዳጄ ታላቅ ወንድም ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ከአገር የወጣው ወጣት ሳለ ነው፤ አሁን አምሳዎቹ ውስጥ ገብቷል። እዚያ የራሱ ቤት አለው፤ ከደጁ ደግሞ ቀይ ኦክ የሚባል ዛፍ ቆሟል። ይህ ዛፍ የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ተወላጅ ነው። ከ20 እስከ 30 ሜትር ይመዘዛል፤ እዚያ መፀው ሲገባ ቅጠሉ ደም መስሎ ይቀላና ይረግፋል። ሰውዬው በየዓመቱ ከዛፉ ሥር ፎቶ ይነሳል። ከጊዜ በኋላ ይህ ዛፍ እናቱ ደጅ ላይ ቢቆም የሚል ሐሳብ ጸነሰ። ያውም መንዝ ላይ። በጥቅምት የረገፈውን ፍሬ ለቅሞ ኩሽና ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠ፤ በሰኔ ሊመጣ ሲል ሻንጣ ውስጥ ከተተው። ከአገር ሲወጣ በርበሬና ሽሮ የሚጫንበት ሻንጣ፣ ወደ አገር ሲገባ የኦክ ፍሬ ይዞ ገባ። ዘር ከአገር አገር ሲሻገር የጤና ምስክር ወረቀት እንደሚጠየቅ ማንም አላስታወሰውም፤ እሱም ለማንም አልተናገረም።

እናቱ ፍሬውን በመዳፋቸው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ይቆላል ወይስ ይቀቀላል?»

«እማዬ፣ አይበላም። ዛፍ ነው የሚሆነው።»

«ከአሜሪካ ድረስ የማይበላ ፍሬ ተሸክመህ መጣህ?»

«ቅጠሉ ነው ውበቱ። በፎል ጊዜ ቀይ ይሆናል።»

«በምን ጊዜ?»

«ክረምቱ ሲወጣ በይው። ሁሉም ቅጠል ይቀላል፣ ከዚያ ይረግፋል።»

እናት ዝም አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገብስ ሲያዩ የኖሩ ሴት ናቸውና ቅጠል ቀልቶ አልቆ ሲሄድ ምን እንደሚባል ያውቃሉ። «እሱማ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዋግ መታው ማለት ነው።»

በዚህ ጉዳይ እኔ ከእናት ወገን ነኝ። ኦኩን ቀይ የሚያደርገው የቀኑ እያጠረ መሄድና የአየሩ አብሮ መቀዝቀዝ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የሰኔ ቀን ወደ 15 ሰዓት ይረዝማል፤ የታኅሣሥ ቀን ግን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያህል ናት። ዛፉ ይህን ይለካል፤ ለለውጡም ይሰናዳል። መንዝ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ከሩብ እንኳ አይሞላም። ዓመቱን ሙሉ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። ኦኩ እዚህ ቢቆም በየትኛው ወር መቅላት እንዳለበት ማን ይነግረዋል? ያውም ቢበቅል ነው። የኦክ ፍሬ ደግሞ እንደ ስንዴ ጎተራ የሚገባ አይደለም፤ ከደረቀ ሞተ። ከመብቀሉ በፊት እርጥበት ያለው ቅዝቃዜ ውስጥ ሳምንታት መክረም አለበት። ይኸኛው ከጥቅምት እስከ ሰኔ በሞቀ ኩሽና ውስጥ ተቀምጦ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ መንዝ ሲደርስ ቢጥሉት ኳ የሚል ደረቅ እንጨት ሆኗል። ደግሞ ይብቀል እንበል፤ ቀይ ኦክ የመጀመሪያ ፍሬውን የሚያፈራው 25 ዓመት አካባቢ ሲሆነው ነው፤ ፍሬውም ከአበባ እስከ ብስለት ሁለት ዓመት ይፈጃል። ሰውዬው ግን የመጀመሪያውን ቀይ ቅጠል በሚቀጥለው ዓመት ፎቶ ሊያነሳ ቀጠሮ ይዟል።

ፍሬው በእርጎ ዕቃና በተቆረጠ ጀሪካን ተተከለ። አፈሩ ከጓሮ ተዛቀ፤ ጓሮው አምና ባቄላ የነበረበት ነው። እንክብካቤው ለእህቱ ልጅ ተሰጠ፤ አሥረኛ ክፍል የሚማር፣ ስልክ ላይ እጁ የፈጠነ ልጅ ነው። አጎት ተመልሶ ሄደ።

ሐምሌ ላይ አንዱ ዕቃ ውስጥ አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። ልጁ ፎቶውን በቴሌግራም ላከ። ቨርጂኒያ ውስጥ እልልታ ሆነ። የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ከዳላስ፣ ከቶሮንቶ፣ ከፍራንክፈርት «እንኳን ደስ አለህ» ጎረፈ፤ አንዷ «የአገር ተስፋ» ብላ ጻፈች። አጎት ለውሃ ማጠጫ ገንዘብ ላከ። በሐምሌ! መንዝ ላይ በሐምሌ ችግኝ ውሃ ሲያጠጣ የተገኘ ሰው ጠበል ይወሰዳል። ልጁ ግን ገንዘቡን አልመለሰም፤ «ጋሼ፣ ማዳበሪያም ይፈልጋል» አለ። ማዳበሪያ ተላከለት። ቀጥሎ አጥር ተባለ፤ አጥርም ተላከ። ችግኙ በአንድ ወር ውስጥ ጉልበት ድረስ ደረሰ። አጎት ነገሩ ስለ ኦክ ካነበበው ሁሉ ቢፈጥንበትም ደስታው ጥርጣሬውን አሸነፈው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ችግኙ አበበ፤ ነጭ አበባ፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው።

«ኦክ በመጀመሪያ ዓመቱ ያብባል እንዴ?» ብሎ ጻፈ አጎት።

«ጋሼ፣ የአገራችን አየር ስለተስማማው ነው» ብሎ መለሰ ልጁ።

እናት ገና ሲበቅል አውቀውታል። ባቄላ ሲበቅል ሰባ ዓመት ያዩ ሴት ናቸው። ለምን ዝም አሉ ተብለው ሲጠየቁ «ልጄ ደስ ብሎት ሲያወራ ምን ብዬ ላፍርሰው?» ነው ያሉት። መስቀል ሰሞን ልጃቸው ደውሎ ዛፉ እንዴት እንደሆነ ሲጠይቃቸው ግን መዋሸት አልሆነላቸውም። «እሸቱን በላነው» አሉት። «እግዜር ይስጥህ፣ ጣፋጭ ነበር።»

በዳያስፖራው ብቻ የምስቅ እንዳይመስላችሁ። አገር ውስጥ ያለነው ከሱ አንሻልም፤ እንዲያውም እሱ ፍሬውን በገዛ እጁ ተክሏል። የኛን የችግኝ ቀን እዩልኝ። ጉድጓዱን ቀድሞ የቆፈረው ገበሬ ራቅ ብሎ ይቆማል። ቲሸርት የለበሰው፣ አዲስ ጓንት ያጠለቀው እንግዳ ወደ ጉድጓዱ ይጠራል። ችግኙን በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ወደ ካሜራው ቀና ይላል፣ ያስቀምጣል፣ አንድ አካፋ አፈር ይመልስና ያጨበጭቡለታል። ችግኙ ከነፕላስቲኩ ገብቷል። በፕላስቲክ የታሰረ ሥር የትም አይሄድም፤ እዚያው እየተጠማዘዘ ኖሮ እዚያው ይሞታል። ገበሬው ይህን አይቷል፤ ነገር ግን ትልቅ ሰው በሕዝብ ፊት ማረም ነውር ነው። እንግዳው መኪና ውስጥ ሲገባ ጠብቆ፣ ችግኙን መዝዞ፣ ፕላስቲኩን በጥርሱ ቀዶ መልሶ የሚተክል ገበሬ አይቻለሁ። ካሜራው ያን ጊዜ ሄዷል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ ተነግሯል። ቁጥሩን የሚጠራጠር ይጠራጠር፤ የኔ ጥያቄ ስለ ሐምሌ 23 ነው። በማግስቱ የመንዝ በግ የራሱን ዘመቻ ያካሂዳል። ለሱ ጉድጓድ የሚቆፍርለት አያስፈልገውም፤ ተሰልፎ የተተከለለትን እየተሰለፈ ይበላል። ከዚያ የሚተርፈው ምልክት ሰሌዳው ነው። ሰሌዳው የብረት ነው፤ እግሩ በሲሚንቶ ተቀብሯል፤ ችግኙን ማን በየትኛው ቀን እንደተከለው በትልልቅ ፊደል ይናገራል። ሁለት ክረምት አልፎ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሞ አይቼዋለሁ። እረኞች ልብሳቸውን ያሰጡበታል።

ባህር ዛፍን በተመለከተ ደግሞ የተለየ ቲያትር አለን። ስለ ባህር ዛፍ ጉዳት የተጠራ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። ተናጋሪው ውሃ ይመጥጣል፣ መሬት ያደርቃል፣ ሌላ ተክል አያስጠጋም እያለ አብራራ፤ ብዙው እውነት ነው። አዳራሹን ቀና ብዬ አየሁት። ምሰሶው ባህር ዛፍ ነው፣ ወራጁና ማገሩ ባህር ዛፍ ነው፣ የተቀመጥንበት አግዳሚ የባህር ዛፍ ጣውላ ነው። ውጭ ለእረፍት የሚፈላው ቡና በባህር ዛፍ ፍልጥ ነው የሚፈላው። ባህር ዛፍ መትከል ይቁም የሚል ውሳኔ በጭብጨባ ጸደቀ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተናጋሪውን ባለሙያ ወደ ጥግ ስበው፣ እኔም ጆሮዬን አቁሜ፣ «ልጄ፣ አዲስ አበባ አጣና ስንት ገባ?» ሲሉት ሰማሁ። ባለሙያው ዋጋውን አሳምሮ ያውቀዋል። እሱም እናቱ አገር ተክሏል።

ባህር ዛፍ ራሱ ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ እንጨት ጨርሳ፣ ቤተ መንግሥቱ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ሲታሰብ ይህ እንግዳ ደርሶ ከተማዋን ባለችበት አቆያት። ከኦኩ የሚለየው አንድ ነገር ነው፦ ለውበት ብሎ የተከለው የለም። ቢቆርጡት ያቆጠቁጣል፣ በግ አይቀምሰውም፣ ልጅ ሲዳር ይሸጣል። መንዜው ይህን አስልቶ ተከለው፤ ስሌቱ ላይ ስህተት አላገኘሁም። የምስቀው ሌላው ላይ ነው። መሬቱ ሰፊ ሆኖ ሳለ ባህር ዛፉን ወስዶ ከጎረቤቱ ድንበር ጥግ ይደረድረዋል፤ ጥላውና ሥሩ ወደዚያኛው እንዲዞር። ጎረቤትየውም በበኩሉ ከዚህኛው ድንበር ጥግ ይደረድራል። ሁለቱም ገብሳቸው ቀጭጮ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ወረዳ ፍርድ ቤት ደጃፍ ይገናኛሉ። ችሎቱ እስኪሰየም የሚጠብቁት ባህር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነው።

ነገሩ የሚያሳዝነው መንዝ ተክል መጠበቅ የማያውቅ አገር ስላልሆነ ነው። ጓሳ የሚባለውን የመንዝ ሣር ሜዳ ማን ጠበቀው? ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አስቦና ጌራ የሚባሉ የመንዝ አባቶች ዘሮች ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መሬት ቀሮ በሚባል ሥርዓት ይዘው፣ ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ በጋራ ከፍተው እያጨዱ ኖረዋል። ሥርዓቱ የፈረሰው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው፤ ከዚያም በኋላ ሕዝቡ ቦታውን በሌላ ስም ይዞ ቆየ። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት ፈረንጅ የሚመጣው በዚያ ጥበቃ ምክንያት ነው። ስለዚህ መንዜ ሣር ለመጠበቅ ሕግ አወጣ፤ ዛፉን ግን ለታቦት ተወው። ታቦቱም አደራውን አልበላም፤ ጽድና ወይራ ማየት የፈለገ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። በነገራችን ላይ ጓሳ የሚባለው ሣር ዘመዶች አሜሪካ ውስጥ በችግኝ መሸጫ በማሰሮ በማሰሮ ይሸጣሉ፤ ሰው በዶላር ገዝቶ ከደጁ ይደረድራቸዋል። የቨርጂኒያው ወዳጃችንም በኦኩ ሥር ሳይተክለው አልቀረም። ጓሳ እኛ ዘንድ ቤት መክደኛና ገመድ መሆኑን ቢነግሩት ይገርመው ይሆናል።

ዘር ተሸክሞ መሄድ ራሱ ጥፋት አይደለም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ፣ እዚሁ ከሰሜን ሸዋ፣ የጽድ ዘር አስመጥተው መናገሻን አስተከሉ ይባላል። ደጋ ወደ ደጋ ነው፤ ዘሩም ቤቱ የደረሰ መስሎት በቀለ። መርሐቤቴ ዓለም ከተማም ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፋተርሽቴትን ከምትባል የጀርመን ከተማ ጋር እህትማማች ናት። ጀርመን የታወቀ የኦክ አገር ነው፤ ከዚያ የመጣው ግን ትምህርትና ሕክምና እንጂ ኦክ ሲመጣ አላየሁም። አስተዋዮች ናቸው። ደግሞስ ዓለም ከተማ ቀይ ከፈለገች ኮርች አላት፤ ከቅርንጫፉ ቆርጠው ቢሰኩት የሚጸድቅ፣ አጥር ሆኖ አበባው ፍም የሚመስል የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ዛፍ።

መንዝስ? እናንተዬ፣ ኮሶ እያለ!

ኮሶ ከ2,300 እስከ 3,300 ሜትር ያለውን ደጋ ነው የሚወደው፤ ማለትም ማንጎው የሞተበትን፣ ዘንባባው ባና የለበሰበትን። ግንዱ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ቅርፊቱ እየተላጠ ይወድቃል። አበባው ክንድ በሚያህል ዘለላ ተንጠልጥሎ፣ ጽጌረዳ ከመሰለ ቀለም ጀምሮ እስከ ደማቅ ቀይ ይደርሳል። የሳይንስ ስሙ እንኳ አቢሲኒካ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ከኛ አገር አስመጥተው ይሸጡት ነበር። ቨርጂኒያ ቢበቅል ኖሮ አውቶቡስ ተከራይተው ሊያዩት በሄዱ ነበር።

ለምን ከደጅህ አትተክለውም ብዬ ያንን የዘንባባ ነጋዴ ጠየቅኩት። ደነገጠ። «ኮሶ? ከበር ላይ? እንግዳ ምን ይላል?» አለኝ። ነገሩ ገባኝ። ኮሶ ማለት ለሱ ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው በየሁለት ወሩ አፍንጫውን ይዞ የሚጠጣው መራራ ነገር ነው። እንግዳ በር ላይ ኮሶ ቆሞ ከተቀበለው ጉዳችንን አውቀውብናል ብሎ ይመለሳል ብሎ ይፈራል። የደረቀ ዘንባባ አያሳፍርም፣ ያበበ ኮሶ ያሳፍራል። ጠጡት አላልኩም፤ መጠኑ ያለፈ ኮሶ ዓይን ያጠፋል፣ ለሆድ የሚሆን ክኒን በየመድኃኒት ቤቱ አለ። ትከሉትና እዩት ነው ያልኩት።

ለሚተክል ሰው ጥቂት ነገር ልንገረው። ዘሩ ደቃቅ ነው፤ አይቀበርም፣ ለስለስ ባለ አፈር ላይ ተበትኖ ስስ አፈር ይለብሳል። ሳይቆይ ቢዘራ ይሻላል፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ማክረም አይበጅም። ከቤቱ ግድግዳ ራቅ ይበል፤ ትልቅ ዛፍ ነው የሚሆነው። ሲሚንቶው ላይ ቀዳዳ ለማውጣት የሚያስብ ካለ ይተወው። ደግሞ ኮሶ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ነው የሚቆሙት፤ ቀዩን ዘለላ የምታንጠለጥለው ሴቷ ናት፣ የወንዱ አበባ ነጣ ያለ ነው። ችግኝ ሳሉ አይለዩም፣ የሚታወቁት ሲያብቡ ነው። ስለዚህ ለግቢው ቀይ ዛፍ የሚፈልግ ሁሉ ሁለት ሦስት አድርጎ ይትከል፤ ፕላስቲኩን አውልቆ፣ በጉንም አስሮ።